ክንድ ሙሉ ርቀት

ሸዋ በር፣ ከወፍጮው በታች፣ ከሰዓት ጠጋኙ እብሬ ደጃፍ
ስድስት ጎራሿን ፈታኋት፣ ከቋጠርኳት ከጋቢዬ ጫፍ።
አጎቴ ናቸው የተዉልኝ፤ እጀታዋ የወይራ ሥር፣
አፈሙዟ የሽማግሌ ድድ፣ ጥርሱ ያለቀ፣ ግን የሚያምር።

"ምን ልትመታባት ነው?" አለኝ፣ አጉሊውን ካይኑ ሳያነሳ።
"ከርከሮ" አልኩት፣ "የሐርቡን፣ ያንን ጥርሳም እንስሳ።
ሌሊት ይመጣል ከነቤተሰቡ፣ አጥር ጥሶ፣ አገዳ ሰብሮ፤
ጧት ማሽላዬን ሳየው ሠርግ ያደረበት ዳስ ነው፣ ተረጋግጦ፣ ተሰባብሮ።
ዓይኔ ደግሞ ከዳኝ፣ እብሬ! አፈሙዟ ጫፍ ያለችው ዒላማ
አንዴ ሁለት ትሆንብኛለች፣ አንዴ ትገባለች ከጨለማ።"

ሳጥን ከፈተ፤ ሦስት መነጽር ከጥቁር ጨርቅ ላይ ደረደረ፤
እንደ ሐኪም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከመሸጡ በፊት መከረ፦
"አንደኛ፣ ይቺ ጠመንጃ አይደለችም።
ጠመንጃ ጉንጭ ይንተራሳል፤ ሽጉጥ ግን ጉንጭ አትስምም።
ክንድ ሙሉ ርቃ ነው የምትታይ፤ የቅርብ መነጽር አይሆናትም፤
ቢገጠምላትም ጥቁር ቀለበት እንጂ ምንም አታይም፤
ዓይንህን ካስጠጋህላት ደግሞ ስትረግጥ ቅንድብህን ትሰነጥቃለች፤
ወላሂ፣ እኔ የለሁበትም!"

ረጅሙን አነሳሁ። አራት እጥፍ ያቀርባል አለኝ።
ክንዴን ወደ መስኮቱ ዘረጋሁ፤
ጦሳ ጉሙን ትከሻው ላይ ጥሎ ከነበረበት ተነሥቶ መጣ፦
ባሕር ዛፉ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ቤት፣ ከቤቱ ደጅ ገመድ፣
ገመዱ ላይ አረንጓዴ ቀሚስ።
ቀሚሱ ይርገበገባል።
"እዚያ ማዶ ነፋስ ነው" አልኩ።
እብሬ በመስኮቱ ብቅ ብሎ የባሕር ዛፎቹን ጫፍ አየ።
"ነፋስ የለም" አለ። "እጅህ ነው።"

ስልሳ አንድ ዓመት አብሮኝ ኖሮ አልነገረኝም፤
ሞፈር የጨበጠ፣ የበኩር ልጄን አፈር ያለበሰ፣
ሰው ሲጣላ መሐል የገባ እጅ።
ሉባባ ሳታውቅ አትቀርም፤
ውሃ ስታቀብለኝ ኩባያውን ከግማሽ በላይ መሙላት ከተወች
ሁለት ክረምት አለፈ፤
እኔ ቁጠባ መስሎኝ ነበር።

"መነጽር አያዳላም" አለ እብሬ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤
"ከርከሮውን አቅርቦ መንቀጥቀጥህን አይተውልህም፤
ሁለቱንም እኩል ነው የሚያጎላው።
አጭሩ ይሻልሃል፤ ሁለት እጥፉ።
ትንሽ ታያለህ፣ ትንሽ ትንቀጠቀጣለህ።"

ሦስተኛዋን ለክብሯ ሞከርኳት፤
መሐሏ ላይ የበርበሬ ፍሬ የምታክል ቀይ ነጥብ ትበራለች።
"ይቺ በምንድነው የምትሠራው?"
"በሰዓት ባትሪ።"
"መቼ ያልቃል?"
"ከርከሮው ሲመጣ።"
ሳቅን፤ ሳቁ እጄን ደግሞ ባሰበት።

አጭሩን ገዛሁ፣ በአንድ ወጠጤ ዋጋ፤
መቶ ብር ቀነሰልኝ፣ "ለዓይንህ" ብሎ፤ ለእጄ አላለም።
በሁለት ቀለበት አሰረልኝ፣ ብሎኑን እንደ ሰዓት ብሎን
በጥፍር ጫፍ ስቦ፣ ቆሞ፣ ደግሞ ስቦ።

በሦስተኛው ሌሊት ከርከሮው መጣ።
ጨረቃ ነበረች፤ ክቡ ውስጥ ገባልኝ፣ አገዳው በአፉ፣
ግልገሎቹ በጀርባው በኩል ጭራቸውን አቁመው።
ክንዴን ዘረጋሁ። ትንሽ አየሁ። ትንሽ ተንቀጠቀጥኩ።
ኩይሳ መታሁ።
የኩይሳው አፈር ፊቴ ድረስ መጣ፤
ከርከሮው ዞር ብሎ፣ የተቆረጠ ሥራ እንዳለው ሰው፣
ሳይሮጥ ሄደ።

ቤት ገባሁ። መብራት ሳታበራ ውሃ ቀዳችልኝ።
"ሙይው" አልኳት።
በጨለማው ውስጥ ዝም ብላ ቆየች፤ ከዚያ ሞላችው፣ እስከ አፉ።
ተቀበልኩ። ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ፣ እግሯ ላይ ፈሰሰ፣
ምንጣፉም ደረሰው።
በሩ ዝግ ነበር፤
እሷም እኔም ነፋስ ነው አላልንም።